ጠዋት ጠዋት የምደውልለት ሰው

ሱዳን፣ ገዳሪፍ በነበርኩበት ዘመን የምሠራው ስደተኞችን በሚረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበር። ሥራዬ የክትባት ቀን ሲመጣ፣ የእህል ማደያ ቦታ ሲለወጥ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ማስታወቂያውን ከዐረብኛ ወደ አማርኛ መልሶ መተየብ ነው። ድሮ ሁለት ነበርን። ባልደረባዬ ዕድል ወጥቶለት ካናዳ ከሄደ በኋላ ግን በቢሮው አማርኛ የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ። ገበያው ውስጥ የጎንደርና የመተማ ሰው ሞልቷል፤ ሰላምታ አይታጣም። ነገር ግን የገበያ ሰው ሥራ አለበት፣ ከሰላምታው አልፎ አብሮህ አይቀመጥም። ቤተሰቤ ከድንበሩ ማዶ ነው። አንዳንድ ቀን በአማርኛ አንድ ቃል ሳልናገር ይመሽ ነበር።

በገዳሪፍ አቧራና ሙቀት ኮምፒውተር አይበረክትም። አንድ ዓመት አሮጌዎቹን ሰብስበው ወሰዱና ለያንዳንዳችን ከዳዊት መጽሐፍ የማትበልጥ ትንሽ ሣጥን ሰጡን። ስክሪኑና መተየቢያው እሷ ላይ ይሰካል። በውስጧ የሚቀመጥ ነገር የለም፤ የምንጽፈው ሁሉ ያለው ካርቱም፣ ዋናው ማሽን ውስጥ ነው፤ እኛ በመስመር እናየዋለን። አትጮኽም፣ አትግልም፤ ሁሉም ወደዳት። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን የአማርኛ ጽሑፍ ስከፍት ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ባዶ አራት ማዕዘን ተደረደረብኝ።

ካርቱም ወዳለው የጥገና ክፍል ደወልኩ። ያነሣው ሰው ችግሬን በዐረብኛ ሰምቶ፣ "የየት አገር ፊደል ነው?" አለኝ።

"የሐበሻ። አማርኛ።"

ከዚያ ቀስ ብሎ በአማርኛ፣ "ቆይ እስቲ፣ አንቺ አማርኛ ትችያለሽ?" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ፤ የኔ ድምፅ ከሴት ድምፅ ጋር የሚምታታ አይደለም። ነገሩን ኋላ ነገረኝ። የተወለደው እዚያው ካርቱም ነው። እናቱ የአርማጭሆ ሰው ነበሩ። በአማርኛ ያናገረው እሳቸውን ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ "አንቺ" የሚባል ይመስለው ነበር። እናቱ ካረፉ ወዲህ ቋንቋውን ከማንም ጋር አልተናገረውም። እኔም አላረምኩትም።

ፊደሉን እዚያው ሆኖ ጫነልኝ። በማግስቱ ስከፍት እንደገና የለም። ማሽኑ ጠዋት ጠዋት ከአንድ ዋና ቅጂ እንደ አዲስ ስለሚነሣ፣ ትናንት የተጨመረበትን ሁሉ ይጥለዋል። ዋናው ቅጂ ውስጥ እንዲገባ ደግሞ የአለቆች ፈቃድ ያስፈልጋል።

"እስኪፈቅዱ ድረስ ጠዋት ጠዋት ደውዪልኝ፣ እጭንልሻለሁ" አለኝ።

እንዲህ ሆኖ በየጠዋቱ እንነጋገር ጀመር። ፊደሉ እስኪጫን ትንሽ ይቆያል፤ እስከዚያ ወሬ ነው። እሱ የረሳውን ቃል ይጠይቀኛል፣ እኔ ስለ ዝናቡና ስለ ሰሊጡ አወራዋለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፦

"እናቴ 'ሆዴ' እያለች ትጠራኝ ነበር። ሆድ በዐረብኛ በጥን ነው አይደል? ልጅ ሆኜ ሆዷን የሚያማት ይመስለኝ ነበር። በጣም አዝንላት ነበር።"

"አሟቸው አይደለም" አልኩት። "በኛ አገር እናት ልጇን ስትወድ ሆዴ ትለዋለች። ዓለሜ፣ አንጀቴ እንደ ማለት ነው።"

'ሆዴ' ብሎ ቃሉን ለራሱ ደገመው።

"ሁልጊዜ ነበር የምትለኝ" አለ።

ፊደሉ ተጭኖ አልቋል። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።

ፈቃዱ ዝናቡ ሳያባራ መጣ። አንድ ጠዋት ሣጥኗን ስከፍት አማርኛው ተስተካክሎ ጠበቀኝ። ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ብዬ ልደውል? ጥቂት ቀን ታግሼ ደወልኩ።

"ምን ተበላሸ?" አለኝ።

"ምንም። እንዴት ሰነበትክ ልበልህ ብዬ ነው።"

ደስ እንዳለው ከድምፁ ዐወቅሁ። ግን ከኋላው ሌላ ስልክ ይጮኻል፣ ሰው በዐረብኛ ይጠራዋል። ቶሎ ብሎ የራሱን ሞባይል ቁጥር ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ እንደዋወል ነበር። የሚገርመው፣ አብረን የምንጠብቀው ነገር ሲጠፋ ጨዋታችንም አጠረ። ስለ ልጆቹ ይነግረኛል፣ ስለ ቤተሰቤ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ተሰነባብተን እንዘጋለን። አንድ ዓርብ እኔ ሳልደውል ቀረሁ፤ በሚቀጥለው እሱ ቀረ።

በበጋ የይለፍ ቃሌ አልሠራ ብሎኝ የጥገና ክፍሉን ጠራሁ። አንዲት ወጣት ሴት አነሣች። ችግሩን ወዲያው ፈታችልኝ። ስለ እሱ ስጠይቃት በዐረብኛ፣ "ኳታር ሥራ አግኝቶ ሄደ። ዘመድህ ነው?" አለችኝ።

"አይ" አልኩ። አመስግኜ ዘጋሁ። ሞባይሉን ብሞክር አይሠራም።

ምሳ ሰዓት ፉል ቤት ገባሁ። ከአጠገቤ ሁለት ሰሊጥ ነጋዴዎች በአማርኛ እየተጨቃጨቁ ይሳሳቃሉ። ወንበሬን ጠጋ ላደርግ ፈለግሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ፣ በልተው ጨርሰው ተነሥተው ሄዱ።