የልጄ ትኩሳትና የሴትዮዋ ሙስበሃ

ባለፈው ሐሙስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ... ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ልጄ እቅፌ ላይ ዓይኗን ገለበጠች።

ሂክማ ትባላለች። ዓመት ከስድስት ወሯ ነው። እናቴን ልናይ ሄደን ጠዋት አተኮሳት። እናቷ ከሚሴ ናትና ይዣት ልመለስ ብዬ ተሳፈርኩ። ንፋስ እንዳይመታት በጃኬቴ ጠቀለልኳት። መስኮቱን ዘጋሁ። ሌላውም ተሳፋሪ ዘግቷል። በዚያ ሙቀት...

መጀመሪያ እጇ ደረቀ። ቀጥሎ መላ አካሏ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከንፈሯ ጠቆረ። ስሟን ጠራሁ። አልሰማችኝም። የራሴን ድምፅ እኔም አልሰማሁትም።

«ክብሪት ጫሩና አፍንጫዋ ሥር ያዙላት!» አለ ከኋላ አንድ ሰውዬ። «አንተ፣ ጥርሷ ሳይገጥም ጣትህን ክተት!»

ልከት ስል አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ እጄን መቱኝ።

«አፏን ተው! በጎኗ አድርጋት። ይኼን ኮት ግፈፍላት። እናንተ፣ መስኮት ክፈቱ!»

«እንዴ፣ ንፋሱ ይመታታል...» አለ ሰውዬው።

«አንተን ይምታህ!»

ከዚህ በኋላ የሆነው አሁንም ያባንነኛል። ሴትዮዋ ሙስበሃቸውን አወጡ። ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ያሳልፋሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ከልጄ ላይ አይነቀልም። በሚሞት ሰው አጠገብ እንዲህ ሲደረግ አይቻለሁ።

«እናቴ... እየሸኟት ነው?»

መዳፋቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝ።

ለእናቷ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። እንዲሁ። ሂክማ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ ሰውነቷ ላላ። ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን አንዲት ዶቃ ላይ እንደያዙ ቀና አሉ።

«ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ ልጄ። ትንፋሿ ደህና ነው።»

ሾፌሩ ከሚሴ ጤና ጣቢያው በር ላይ አወረደን። ሴትዮዋም አብረውን ወረዱ።

የነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ደቂቃ ቆየባት?» የሚል ነበር።

«ግማሽ ሰዓት» አልኩ። ከልቤ ነው።

«ውሸቱን ነው» አሉ ሴትዮዋ። «ዘጠና ዘጠኙን ዶቃ አንዴ ዞርኩት፣ ሠላሳ ሦስት ጨመርኩበት። ደግሞ ረጋ ብዬ ነው የቆጠርኩት። የልጅ ልጄ እንዲህ ስትሆን ሐኪሙ 'የቆየበትን ደቂቃ ያዙ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ አደጋ ነው' ብሎኛል። ሰዓት እንደሁ የለኝ...»

ለካ ሲቆጥሩ ኖሯል።

ነርሷ ትንሽ አሰበች። «ሁለት ደቂቃ ከምናምን። ጎሽ እናቴ!»

ለወባ ምርመራ ጣቷን ስትወጋት ሂክማ በጩኸት ቤቱን አናጋችው። አልሐምዱሊላህ። ልጅ ስትጮህ እንዲህ ደስ ይላል እንዴ?

«አንዳንድ ሕፃናትን ትኩሳት ያንቀጠቅጣቸዋል» አለች ነርሷ። «ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት ሳይተው ያልፋል። የሚጥል በሽታ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ ስታተኩስ ግን አትጠቅልላት።»

ቀጥላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የመጀመሪያ ልጅህ ናት አይደል?»

«በምን አወቅሽ?»

በእስክሪብቶዋ ወደ ታች ጠቆመች። አንዱ እግሬ ባዶ ነው።

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ አልፏል... ለጫማዬም መልካም መንገድ ይሁንለት።