ሙላው የሌሉበት ጥር

አሳምነው መሰንቆ መቺ ነው። እምቢ ማለት ግን አያውቅበትም። ሰው ደውሎ "ለሰርጋችን ና" ካለው እሺ ይላል፤ ሌላውም ለዚያው ቀን ቢጠራው እሺ ይላል። ኋላ መግቢያ ይጠፋዋል። መካነ ሰላም ላይ ይህን ጠባዩን የማያውቅ የለም።

ስለዚህ የሚመርጡለት ጎረቤቱ ጋሽ ሙላው ነበሩ። ጋሽ ሙላው ዕድሜያቸውን በከብት ንግድ ከአቀስታ ወረኢሉ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የማያውቁት ቤት የለም። ጥር ሲገባ ጠዋት ጠዋት በጋራ አጥራቸው ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው፣ "እህሳ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ጠራህ?" ይላሉ። አሳምነው ይናገራል፣ እሳቸው ይፈርዳሉ።

"እነዚህ ጋ ሂድ፣ ሰው ያከብራሉ። እዚያኛው ጋ ግን አትድረስ። ጠላ ሲቀዳ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፣ ያውም ሳያረጅ።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልቅር?"

"ታምሜያለሁ በል። እኔ እመሰክርልሃለሁ።"

የዘንድሮው ጥር ግን ከበድ ያለ ነበር። ሴት ልጁ ሰብሌ አስራ ሁለተኛን ተፈትና ውጤት አልመጣላትም። ፓስፖርት አውጥታ አረብ አገር ልትሄድ ከደላላ ጋር ተነጋግራለች። አሳምነው ለመናት።

"ይሄ ጥር ይለፍ ልጄ። ሰርጉን ሰርቼ ፀጉር ቤት እከፍትልሻለሁ። እጅሽ ለሹሩባ የተባረከ ነው።"

"እስከ ጥር ማለቂያ እሺ አባባ። ከዚያ በኋላ ግን እንዳትይዘኝ" አለችው።

ጋሽ ሙላው ይህን ሲሰሙ፣ "የአቀስታውን የእነበፍቃዱን ሰርግ እንዳትለቅ" አሉት። "ድግሱን የምትደግሰው ጅዳ ያለችው እህቱ ናት። እዚያ ቤት የታየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ጠሪው ይበዛለታል።"

ሰርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ጋሽ ሙላው አጥሩ ጋ አልመጡም። ሳይታመሙ፣ ተኝተው አደሩና በዚያው ቀሩ። ከሰዓት ተቀበሩ፣ የለቅሶው ድንኳንም በአሳምነው ደጅ ላይ ተተከለ።

ጎረቤት እስከ ሣልስት ድረስ ከድንኳን አይለይም። ዘፈን የሚባል ነገርማ አይነሳም። የማይቀር ጉዳይ ያለበት ሰው ሐዘንተኛውን ያስፈቅዳል። ሐዘንተኛው "ሂድ፣ ይቅናህ" ካለው የሚወቅሰው የለም። አሳምነው ይህን ያውቃል። ከአግዳሚው እየተነሳ ወደ ሟች ሚስት ወደ እትዬ የኔአለም ይሄዳል። አንዴ ወንበር አስተካክሎ፣ አንዴ ውኃ አቅርቦ ይመለሳል። ምን ብሎ ይጀምራል? ባላቸው ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ መሰንቆ ልምታ ይባላል? እንዲህ ያለውን ነገር የሚያማክረው አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ቀብሮ መምጣቱ ነው።

በነጋታው ለዕድሩ ዳኛ "አቀስታ ዘመድ ታሞብኝ ነው" አለና መሰንቆውን በኬሻ ጠቅልሎ ሚኒባስ ተሳፈረ።

የአቀስታው ድንኳን ሰፊ ነው። ድምፅ ማጉያው እንደ ጭድ ክምር ተቆልሏል፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅም ፋታ አይሰጥም። አሳምነው ደጋኑን ቢስበው፣ ቢስበው፣ የራሱ ጆሮ እንኳ አልሰማውም። በፍቃዱ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

"አትድከም አሳምነው! ድምፁን ኪቦርዱ ይሸፍነዋል። እህታችን ከጅዳ እያየችህ ነው፣ መሰንቆ ናፍቋት ነው። እጅህን ብቻ አንቀሳቅስ። ፈገግ በል እንጂ፣ ወላሂ ለቅሶ የመጣህ ነው የምትመስለው!"

ስልኩ ላይ አንዲት ወጣት በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። አሳምነው ሰብሌን አሰበ። ፈገግ አለ።

ያ ፈገግታ ከሱ ቀድሞ መካነ ሰላም ገባ። የጅዳዋ ልጅ ቲክቶክ ላይ ለቃው፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች አዩት። አሳምነው ተመልሶ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የሰፈሩ ባለሱቅ ሙሐሲን ካርታውን እየበወዘ፣ "አብሽር አሳምነው፣ ዘመድህ ተሻለው?" አለ። "ሲጨፍር አይተነዋል።"

የሳቀ ሰው የለም።

የተቆጣውም፣ የቀጣውም የለም። ስልኩ ብቻ መደወል ጀመረ። "አሳምነው፣ ልጆቹ ዲጄ ይዘናል ስላሉ አትልፋ።" "ሰርጉን አሳጥረነዋል፣ ዘፈን አይኖርም።" የጠሩት ሁሉ እየደወሉ ተዉት። ምርጫ የሚባል ጣጣ ቀረለት።

ጥር ሊያልቅ ሲል እትዬ የኔአለም ቤት ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"ተነስ፣ ይቅር ይበልህ" አሉት። ቀጠሉ፦ "ሙላው ያን ማታ ምን ብሎኝ እንደተኛ ታውቃለህ? 'የአቀስታው ቀን እንቅልፍ እንዳይጥለው፣ አሳምነውን በጠዋት ቀስቅሺልኝ' ነው ያለኝ። አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ራሴ ነበርኩ የምሸኝህ።"

"ፈራሁ እትዬ።"

"እኔን? ወይ ጉድ!" አሉና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ጥር አለቀ። ሰብሌ ቃሏን ጠብቃ ነበር፤ አሳምነውም አልያዛት። ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ ራሱ ጫነላት።

አሁን አርብ አርብ፣ አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ትደውላለች። ባለፈው፣ "አባባ፣ መሰንቆውን አምጣና ምታልኝ" አለችው። ስልኩን አጥሩ ላይ፣ ጋሽ ሙላው ይደገፉበት የነበረው ቦታ ላይ አቁሞ መምታት ጀመረ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

"ድምፁ አይመጣም አባባ። እጅህ ብቻ ነው የሚታየኝ።"

"ስራው እንዴት ነው ልጄ? ያበሉሻል?"

"አይሰማም... አንተ ግን አታቁም።"

እሱም አላቆመም።