የፈረሴ ግራ ዓይን

ሞያሌ ላይ ውሃ የሚያመላልሰው አህያ ነው። እኔ ግን ስደተኛ ሆኜ ወደ ኬንያው ሞያሌ ተሻግሬ፣ ማንያታ ሰፈር ቤት ከሠራሁ በኋላም የጋሪ ልምዴን መተው አቅቶኝ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ አንድ ዳማ ፈረስ ገዝቼ መጣሁ። ሰፈሩ ሳቀብኝ። ይሳቅ!

አምና በበጋው ፈረሱ በግራው በኩል በሚመጣ መኪና መደንበር ጀመረ። ጋሪ የነዳ ሰው ለዚህ ያለው መላ አንድ ነው፤ የዓይን መከለያውን ማስፋት። እኔም ከሎሪ ጎማ ካላማዳሪ ቆርጬ ጉንጩ ድረስ የሚደርስ መከለያ ሰፋሁለት። አጥራችን አስፋልት ዳር ስለሆነ ሲያድርም አላወልቅለትም ነበር።

ባለቤቴ ከመከለያው ሥር እንባ ሲወርድ አይታ፣ "ኧረ አውልቀህ እየው" አለችኝ፤ አንዴ አይደለም፣ ደጋግማ።

"አቧራ ነው! ፈረስ አታስተምሪኝ!" እያልኩ እጮህባት ነበር።

እንዲህ ስንባባል ወራት አለፉ። በመጨረሻ ከግራ አፍንጫው የሚወርደው ፈሳሽ መሽተት ሲጀምር መከለያውን አወለቅኩት። ዓይኑ ከጎድጓዳው ተገፍቶ ወጥቷል፤ ቆቡ አልከደን ብሎት ዝንብ ወሮታል። ሐኪም አስጠራሁ።

አንድ ወጣት የቦረና ልጅ፣ የከብት ሐኪም፣ በሞተር መጣ፤ በስዋሂሊ ምዜ፣ አባባ፣ ይለኛል። የፈረሱን ዓይን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ገፋው። አልገባም።

"ከኋላው ዕጢ አለ፣ ምዜ። የሚገፋው እሱ ነው። መቼ ጀመረው?"

ባለቤቴ አጠገቤ ቆማለች። "ባለፈው ሳምንት" አልኩ።

ቶሎ ቢታይ ኖሮ ዓይኑ ተወግዶ በአንድ ዓይኑ መኖር ይችል እንደነበር፣ አሁን ግን ዕጢው አጥንቱን በልቶ አፍንጫው ውስጥ እንደገባ ነገረን። ማቆየቱ ማሰቃየት ብቻ ነው አለ።

የፈረሴን አንገት አቅፌ ያዝኩት። መርፌው ሲገባ እንኳ አልደነበረም፤ ክብደቱን ደረቴ ላይ ጣለ፣ ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። አለቀስኩ።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ትከሻዬን ያዘኝ። "ፖሌ ሳና ምዜ፣ አይዞዎት። በሳምንት ውስጥ እንዲህ የሆነ ነገር፣ እርስዎ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር?" አለኝ። ከዚያ ማመን እንዳቃተው ሰው ወደ ባለቤቴ ዞረ። "በእውነት ሳምንቱ ነው፣ እማማ?"

ሬሳውን አየች። እኔንም አየችኝ።

"አዎ፣ ሳምንቱ ነው" አለችልኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።