ቀይ ምልክት ያለበት ሽንኩርት

ሥራ የገባሁ ዕለት ሸዋ ሮቢት ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል የምትጥልበት ሙቀት ነበር ብል ግማሹ እውነት ነው። አለቃዬ ጋሼ መኮንን ከእርሻ ሙከራ ጣቢያው ጀርባ ወዳለው መጋዘን ወሰዱኝና ቴርሞሜትር፣ መዝገብና ቁልፍ አስረከቡኝ። ማዕረጌ “የመጋዘን መዝጋቢ” ነው። እዚያ ውስጥ አለቃውም ምንዝሩም እኔው ነበርኩ።

ሁለት የእንጨት መደርደሪያ አለ። ነጭ ምልክት ያለበት ከማሳ በቀጥታ የመጣ ሽንኩርት ነው። ቀይ ምልክት ያለበት በአውሮፕላን ባሕር ማዶ ሄዶ፣ ጨረር አልፎበት የተመለሰ ነው። ጨረሩ ሽንኩርት እንዳያቆጠቁጥ ያደርጋል፤ በሌላው አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ደግሞ የሆድ በሽታ የሚያመጣውን ተሕዋስ ይገድላል።

“መርዝ አይቀርበትም?” አልኳቸው።

“ጨረሩ አልፎ ይሄዳል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ፀሐዩን ይዞ ጆንያ ይገባል እንዴ?” አሉኝ።

ሥራዬ ጠዋትና ከሰዓት ሙቀቱን መጻፍ፣ የበሰበሰውንና ያቆጠቆጠውን ለቅሞ መቁጠር ነው፤ የትኛው መደርደሪያ ሳይበላሽ እንደሚቆይ ለማየት። ሽንኩርት ደግሞ ወሬ አይችልም። ሰው የማገኘው ምሳ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እትዬ አስካለ ሆቴል ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር በአንድ ትሪ እንበላለን።

በሳምንቴ ታደሰ የሚባለው ሾፌር ምን ስጠብቅ እንደምውል ጠየቀኝ።

“ጨረር የበላ ሽንኩርት” አልኩት። “አንዲት አይጥ ቀምሳው የጣርማ በርን ተራራ ዘላ ደብረ ብርሃን አረፈች። እኔም ጥፍሬ ማብራት ስለጀመረ ኩራዝ መግዛት ትቻለሁ።”

ትሪው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ከግድግዳው ጥግ ለብቻዬ ሳህን አቀረቡልኝ። ከሌላው እንዳይቀላቀል ብርጭቆዬ ላይ ክር ታስሮበታል። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። የሳቅሁት ግን ብቻዬን ነበር።

ሦስት ሳምንት ጥጉ ላይ ከበላሁ በኋላ ሾፌሮቹን “ውሸቴን ነበር እኮ” አልኳቸው።

ታደሰ ጉርሻውን ሳያቋርጥ “ያን ጊዜ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?” አለኝ።

ጋሼ መኮንንን አስፈቅጄ አንድ ቀይ ምልክት ያለበት ሽንኩርት ይዤ መጣሁና ፊታቸው ጥሬውን ገመጥኩት። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። “ይኸው፣ አቃጠለው” አሉና ትሪውን ይዘው ራቅ አሉ።

ወራት አለፉ። ነጩ መደርደሪያ አቆጥቁጦ ዝንጀሮ የሚያድርበት ጫካ መሰለ፤ ቀዩ እንደመጣ ነው። ይበላ የሚል ደብዳቤም ከበላይ መሥሪያ ቤት መጣ። በዓመት ዐሥር ቃል የማይናገሩት ጋሼ መኮንን ከቀዩ መደርደሪያ አንድ ቅርጫት ሽንኩርት አስይዘውኝ ሆቴሉ ገቡ።

“እኔና ልጆቼ በልተነዋል። ደህና ነው” አሉና ወጡ። በቃ።

የዚያን ዕለት ወጡ ቀይ ምልክት ባለበት ሽንኩርት ተሠራ። ሾፌሮቹ ጣታቸውን እየላሱ በሉ። እኔም እጄን ታጥቤ ወደ ትሪው ስጠጋ ሳህኔ ጥጉ ላይ ተቀምጧል።

“እትዬ፣ ሽንኩርቱ ነጻ ወጣ። እኔስ?”

“ለሽንኩርቱ አለቃህ መሰከሩለት” አሉኝ። “በአንተ ላይ የመሰከርከው ግን አንተው ነህ። የቱን ልመን?”

ወጡ ይጣፍጥ ነበር። ወደ ሌላ ጣቢያ እስክዛወር ድረስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አድርጌ በላሁ።

ሰው በዓይኑ በማያየው ነገር የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ ስለ ሥራችሁ ለሚጠይቃችሁ በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ንገሩት። በሁለተኛው ቀን ረፍዷል።