ድምፁን የዘጋሁበት ሰው

ሰውየውን መጥላት የጀመርኩት ስብሰባ በስልክ መካሄድ ከመጀመሩ ብዙ ዓመት በፊት ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተመደብኩት ሁምቦ ወረዳ ነበር። እሱ የእንስሳት ጤና ቡድን መሪ፣ የእኔም የቅርብ አለቃ ነው። እናቴ ሶዶ ታማ ተኝታ ስለነበር ዝውውር ጠየቅኩ። ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ መለሰው። በሦስተኛው ወረቀቱን ሳያነበው አጠፈና፣ ሁምቦ ሙቀቷን የሚችል ሠራተኛ እንጂ ቤቷን የምትናፍቅ ልጅ አያስፈልጋትም አለኝ። ቢሮ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እናቴ ያረፈች ዕለት እኔ ቆላ ወርጄ ከብት እየከተብኩ ነበር። እሱ እንዳልገደላት አውቃለሁ። ግን ያንን ሳቅ ከቀብሯ ለይቼ ማስታወስ አልቻልኩም።

ቆይቶ ተወዳድሬ ሶዶ ገባሁ። እሱ እዚያው ሁምቦ ቀረ።

የቢሯችን ኃላፊ የሰኞው የወረዳዎች ስብሰባ በስልክ ቪዲዮ ይሁን ብሎ ሲወስን፣ የቢሮው ላፕቶፕ ድምፅ ስለማይቀዳ ሆስት የሆንኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ ስልኬ። ሰውን የማስገባውም፣ ተራ የምሰጠውም፣ ድምፅ የምከፍተውና የምዘጋውም እኔ ነበርኩ። የቦዲቲው ባለሙያ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ይገባል፤ ከንግግሩ ይልቅ ጥሩምባው ይሰማል። የዲምቱዋ ባለሙያ ኔትወርክ የምታገኘው ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ስለሆነ እዚያ ቆማ ነው የምታወራው፤ ነፋሱ ወረቀቷን ይነጥቃታል። የሁምቦው፣ ያ የድሮ አለቃዬ፣ ስልኩን ከአገጩ ሥር ስለሚይዘው እኛ የምናየው አፍንጫውንና የቢሮውን ቆርቆሮ ነው። ሲናገር ከዝናቡ ይጀምራል፣ በሣሩ ያልፋል፣ መዥገር ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ አንቀላፍቷል።

መጀመሪያ የዘጋሁት በትክክለኛ ምክንያት ነው። ከጀርባው ወፍጮ ቤት እየጮኸ ስለነበር ኃላፊው ያንን ድምፅ ዝጊው አለኝ፤ ተጫንኩት። ሰውየው አላወቀም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ግንባሩን ይቋጥራል። ቀና ብሎ መልስ እስኪጠብቅ ድረስ ለማንም እያወራ እንዳልሆነ የነገረው ሰው የለም። ደስ አለኝ። ለዚያ ስሜት ሌላ ስም ፈልጌለት አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ ምክንያት አላስፈለገኝም። እሱ ራሱ መልሶ እንዳይከፍተው አድርጌ እዘጋው ጀመር። በየሰኞው አይደለም፤ አንዳንዴ እንዲናገር እለቀውና መሀል ላይ እቆርጠዋለሁ። ኃላፊው ወረዳዎች ሲናገሩ ሌላ ወረቀት ስለሚፈርም ልብ አይልም። የቀሩትም ኔትወርክ ነው ብለው ያልፉታል። በእኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም።

አንድ ቀን ስብሰባው ሲያልቅ ደወለልኝ። ከስንት ዓመት በኋላ ልጄ አለኝ። ስልኩ ምን እንደነካው እንደማያውቅ፣ እኔ ጋ ይሰማ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። አርጅቶ ይሆናል፣ ቢቀይሩት ይሻላል አልኩት። ቀየረው። በሚቀጥለው ሰኞ አዲሱንም ዘጋሁት።

ከዚያ ያቺ ሰኞ መጣች። ሰውየው ገና ሲገባ ጀምሮ ዘግቼው ነበር። የዚያን ዕለት ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ይዞታል። ጥቂት ተናገረ፣ ቆመ፣ እጁን አውለበለበ፣ ከዚያ አጎንብሶ መጻፍ ጀመረ። የጽሑፍ መልእክት ለእኔ ብቻ እንዲደርስ ያደረግኩት ራሴ ነኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሁለት ቀበሌ ከብት በድንገት እየወደቀ ነው። አባ ሰንጋ ይመስላል። ክትባት ዛሬውኑ ላኩ። ድምፄ ካልተሰማ ለኃላፊው ንገሪልኝ።»

አነበብኩት። የሚፈለገው የአንድ አውራ ጣት ሥራ ነበር። እሱ ላም ባሳላት ቁጥር ወረርሽኝ ነው የሚል ሰው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ከስብሰባው በኋላ ለኃላፊው እነግራለሁ አልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ ኃላፊው ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ በቀጥታ ሌላ የስልክ ስብሰባ ገባ። በር ላይ ስቆም በእጁ ሂጂ አለኝ። ምሳ ወጣሁ። ረሳሁት ብል እዋሻለሁ። በልቼ እጄን ታጥቤ፣ መልእክቱን አንዴ ከፍቼ አየሁትና መልሼ ዘጋሁት።

እሱ ኃላፊው ጋ ደጋግሞ ሲደውል ተይዟል ይለዋል። ኋላ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ወረደ። ማክሰኞ ደብዳቤ ጽፎ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ላከ። ክትባቱ ከሶዶ የወጣው ረቡዕ ነው። እስከዚያ የብዙ ቤት ከብት አለቀ፤ አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት በሬዋንና የምትታለብ ላሟን በአንድ ቀን አጣች። ሥጋው እንዳይበላ በየደጁ ቆሞ የከለከለው፣ ጉድጓድ አስቆፍሮ ያስቀበረው ያ የእኔ ጠላት ነው። በሽታው ሰው ያልነካው በእሱ ምክንያት ነው።

ሐሙስ ኃላፊው ሁሉንም ወረዳ በስልክ ሰበሰበ። ሰውየውን ሰኞ ለምን አልተናገርክም ብሎ ጠየቀው። የዚያን ቀን ድምፁን ከፍቼለታለሁ። ስልኬ አልሠራ ብሎኝ ነው አለ። ኃላፊው በሰው ሁሉ ፊት፣ አንድ ስልክ ማስተካከል የማይችል ባለሙያ ምን ይሠራል ብሎ አዋረደው። እሱ አንገቱን ደፋ። ውርደቱ በእጄ በያዝኩት ስልክ እያለፈ እኔ ዝም አልኩ።

በቀጣዩ ሰኞ ሲገባ ከጀርባው ቆርቆሮው የለም። የተንጠለጠለ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ነው የሚታየው። ሱቁን አወቅኩት፤ ሶዶ ገበያ አጠገብ ያለው የስልጤው ነጋዴ ነው፣ የሁላችንንም ስልክ የሚጠግነው። ለካ ብልሽቱን በዓይኑ እንዲያይለት ከሱቁ ሆኖ ሊሰበሰብ መጥቷል። እንዳይናገር ፈራሁና ዘጋሁት። የነጋዴው ራስ ብቅ አለ። ጣቱ መስተዋቱን እስኪሞላ ተጠግቶ አንድ ነገር አሳየው፣ በጆሮውም ነገረው፤ ድምፁን የዘጋው ሆስቱ መሆኑን ነበር። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። ከዚያ በቀጥታ እኔን አየ። ወዲያው ከስብሰባው ወጣ።

ከሱቁ እስከ ቢሯችን የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። መሄድ እችል ነበር፤ ግን ቁጭ አልኩ። ገብቶ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«የዚያን ሰኞ መልእክቴን አይተሽዋል?» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«መቼ?»

«ልክ እርስዎ እንደላኩት።»

ያኔ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩትን አወጣሁ። ስለ እናቴ፣ ስለ ሦስቱ ማመልከቻዎች፣ ስለ ሳቁ ነገርኩት። ግንባሩን ቋጥሮ ከልቡ ለማስታወስ ሞከረ። አላስታወሰም። እናትሽ ታማ ነበር እንዴ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

«ጥላቻሽ ከእኔ ጋር ከሆነ እኔን መምታት ነበር» አለ። «በሬው የእኔ አይደለም። ተነሺ፣ በሬዋን ያጣችው ሴትዮ ጋ እንሂድ።»

አልሄድም አልኩት። እንግዲያው አሁን ኃላፊሽ ጋ እገባለሁ ብሎ ወደ በሩ ዞረ። ሕሊናዬ አስነሳኝ ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ያስነሳኝ ግን ፍርሃት ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን። ከወረድን በኋላ በዚያ ሙቀት ረጅም መንገድ በእግር ሄድን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሴትዮዋን በቆሎዋ ውስጥ ስትኮተኩት አገኘናት። ሰላምታ ከሰጣት በኋላ በወላይትኛ፣ ይህቺ ሰው የምትነግርሽ አላት አላት። እንዲተረጉምልኝ ጠየቅኩት።

«አልተረጉምም» አለኝ። «ሶዶ ተወልደሽ ነው ያደግሽው። በቋንቋዋ ንገሪያት።»

የአባቴ አባት ከሰሜን ለሹመት የመጣ ሰው ነው፤ በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነበር። ወላይትኛዬ ቅቤና የቦዬ ሥር ለመግዛት ይበቃል እንጂ በደል ለመናዘዝ አይበቃም። በገበያ ቃላት ጀመርኩ፦ ስልክ፣ ሰኞ፣ እኔ ዘጋሁ፣ በሬ። አልገባትም። ሁለት ጊዜ እሱን ጠየቀችው፤ እሱ ወደ እኔ ጠቆማት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በመጨረሻ ሲገባት መኮትኮቻዋን መሬት ላይ ተከለችና ለምን አለችኝ። ጠልቼው ነው ልላት ፈለግኩ፤ የመጥላትን ቃል በወላይትኛ አላውቀውም። እጄን ወደ እሱ ዘርግቼ፣ እሱን አልፈልገውም አልኳት።

መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሱን አየችን። ድምፅዋን ሳታነሳ ረጅም ነገር ተናገረች። የሰውየው ፊት ተለወጠ። ያንን ብቻ ተረጎመልኝ።

«ጠባችሁን ይዛችሁ፣ ሁለታችሁም ከማሳዬ ውጡ ነው የምትለው።»

ሁለታችሁም ያለችው አቆሰለው። ጉድጓድ ያስቆፈረላት እሱ ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ ላይ እንደምትቆጥረው አላሰበም። በመልሱ መንገድ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ለኃላፊሽ መናገሬ አይቀርም አለኝ። እሺ ካልኩና ከመጣሁ በኋላ እንዴት ብዬ ተቆጣሁ። እንደማልናገር ቃል አልገባሁልሽም አለ፤ እውነቱን ነው።

ነገረው። ኃላፊውን መጀመሪያ ያስጨነቀው ሰውየውን በወረዳዎች ሁሉ ፊት በከንቱ ማዋረዱ ነው። ይህ ነገር ከዚህ ክፍል አይውጣ አለ። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፣ ሆስትነቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሰውየውን ግን በዚያው ስብሰባ ላይ ይቅርታ የጠየቀው ማንም የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለሴትዮዋ ጊደር ልግዛላት ብዬ በሰው ላክሁ። አልቀበልም አለች። በዚያ ዓመት መሬቷ የታረሰው በጎረቤት በሬ ነው።

እሱ በቀጣዩ ዓመት ጡረታ ወጣ። በደልሽን ካመንሽ ጥላቻው ይለቅሻል ያሉኝ ነበሩ። አለቀቀኝም፤ እንዲያውም አሁን የማፍርበት ነገር ስለተጨመረበት ብሷል። እሱም እንደዚያው ነው። ባለፈው ወደ ሁምቦ ለሥራ ስሄድ መናኸሪያ ውስጥ መኪናው ሞልቶ የቀረው ከእሱ አጠገብ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ረዳቱ ግቢ ግቢ ይለኛል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳመነታ፣ ሰውየው እንዳላየኝ ሁሉ ቦርሳውን ከጭኑ ላይ አንስቶ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው። ቀጣዩን መኪና ጠበቅኩ።