የጋሽ እንዳላማው ጆሮ

ጋሽ እንዳላማው ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከላንድክሩዘር ሥር በጀርባቸው ተኝተው ኖረዋል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «ከእኔ ፊት ይልቅ የመኪናውን ሆድ ያውቁታል» እያሉ ያሟቸው ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ጡረታ ወጥተው ጉንደ ወይን ሲገቡ ይዘውት የመጡት አንድ ሣጥን መፍቻና ጆሯቸውን ነው።

ደግ ዘመን ቢሆን ያ ጆሮ ለጨዋታ ነበር የሚሆነው። ዘመኑ ከፍቶ ሰው የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር በሩን መዝጋት ሲጀምር ግን ሰፈሩ በሙሉ ለእሳቸው ጆሮ አደረ። አቧራው ገና ሳይታይ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ይለያሉ።

«ይሄ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሃርድቶፕ ነው፤ የእርዳታ መኪና ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ።»

«ይሄ ቪኤት ነው፤ ሹም መጣላችሁ፣ ለእጅ መንሻ ተዘጋጁ!»

«ይሄኛው ፒክአፕ ነው፤ ከኋላ ከባድ ነገር ጭኗል። ልጆች አስገቡ።»

አንድም ቀን ስተው አያውቁም፤ ይህንንም ያውቁታል፣ ይኮሩበታልም። እግዜር ይይላቸው፣ እኔም ብሆን እኮራ ነበር።

በመጋቢት አንድ ቀን ልጃቸው ዜማ ምጥ ያዛት። ምጡ ጠና። አዋላጇ «ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» አለች። ለወረዳው አምቡላንስ ተደወለ፤ ሾፌሩ «መንገድ ላይ ነኝ፣ መጣሁ» አለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። ባሏ አንዷለም ደግሞ ታጣቂዎች ወጣት ወንድ እየለቀሙ ነው ስለተባለ ሦስት ቀን ሙሉ ቆጥ ላይ ተደብቋል። ሚስቱ ስትጮኽ ከላይ ሆኖ ይሰማታል።

ስድስት ሰዓት ላይ ከአቀበቱ ሥር ድምፅ ተሰማ። ጋሽ እንዳላማው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ባለ አራት ሲሊንደር ነው፤ «ስሪ ቢ» የሚባለው አሮጌ ሞተር። የአምቡላንሱ ሞተር የተቃጠለ ጊዜ ከአንድ የወደቀ አጭር ላንድክሩዘር ላይ አውርደው በረጅሙ ሃርድቶፕ ላይ የገጠሙት እሳቸው ናቸው። አቀበት ላይ እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት እንዲህ ያለ መኪና በአካባቢው ሌላ የለም።

«አምቡላንሱ ነው! አንዷለም፣ ውረድ! ሦስት ሽማግሌ ብቻውን ቃሬዛ አይሸከምም!»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለ አንዷለም ከቆጡ ላይ።

«በእጄ የገጠምኩትን ሞተር ልሳሳት?»

አንዷለም ወረደ። ከሦስቱ ሽማግሌ ጎረቤቶች ጋር ዜማን ተሸክሞ መንገዱ ዳር አደረሳት። መኪናው ኩርባውን ዞሮ ብቅ አለ፤ ነጭ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያ የሚያውቁት መብራት አለ። ጋሽ እንዳላማው በደስታ እጃቸውን አውለበለቡ።

መኪናው ሲቀርብ የፊት መስታወቱ እንደሌለ አዩ። መሪውን የያዘውን ሰው አያውቁትም። ከኋላ በሩ ተከፍቶ የጠመንጃ አፈሙዝ ወጥቷል።

«ሩጥ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አንዷለም አይቷል፤ ግን ቃሬዛውን ከለቀቀ ዜማ ትወድቃለች። አልለቀቀም።

መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወርደው አንዱ የአንዷለምን ክንድ ያዘ።

ዜማን ለፀሐዩ ብለው ፊቷን በነጠላ ሸፍነዋታል፤ ምንም አይታያትም።

«አባዬ፣ አምቡላንሱ ነው?» አለች።

«ነው ልጄ» አሉ ጋሽ እንዳላማው።