ነፋስ ጠባቂው አባቴ

በዚያ ዓመት በሳምንት አንድ ቀን በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ነበርኩ። አዛዣችን ያለ ወረቀት እሳት የማያስነካ ሰው ነው። ማን ይጠብቃል? በምን እንነጋገራለን? በየት እንሸሻለን? የት ብንገባ እንተርፋለን? እነዚህ አራቱ ካልተጻፉ ክብሪቱ ከኪሱ አይወጣም።

አንድ ጊዜ ወረቀቱን እንድጽፍ ለእኔ ሰጠኝ። ሥራው ቀላል ነበር፤ በኤቨን የሁዳ ከተማ በኩል፣ ከጥድ ጫካው ጥግ ያለውን ደረቅ ሣር ሙቀቱ ሳይበረታ እኛው ቀድመን ማቃጠል ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ካርታ እያየሁ ጻፍኩ፦ «መሸሻ፦ በምሥራቅ ያለው የብረት በር።» ወረቀት ላይ በጣም ያምር ነበር።

ፔንሲያ፣ ማለትም ጡረታ፣ ከወጡ ወዲህ ግድግዳ ማየት የሰለቻቸው አባቴ «እኔም እመጣለሁ» አሉ። ጎንደር ሳሉ በየዓመቱ ምንጣሮ ያቃጥሉ ነበር። አዛዡ ቢጫ ሰደርያ አለበሳቸውና ራዲዮ አስይዞ ጉብታው ላይ አቆማቸው። «ነፋሱ ከዞረ ይንገሩን» አለ። እቅዱን ስተረጉምላቸው መሸሻው ላይ ስደርስ ተቆጡ።

«ገና ሳትገጥሙ መሸሻ ትፈልጋላችሁ?»

ሣሩ ግማሽ ያህሉ እንደተቃጠለ ራዲዮው ተንጫጫ።

«ሻሎም» አሉ አባቴ፣ ረጋ ብለው።

«ሻሎም» አለ አዛዡ።

«ማ ሽሎምኻ? ደኅና ነህ? ባለቤትህ ደኅና ናት?» በዕብራይስጥ ከሚያውቁት ውስጥ አሳምረው የሚናገሩት ይህንን ነው።

አዛዡ ግራ ገባው። «ባሩኽ ሃሼም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ናት።»

«ልጆችህስ?»

«ሁለቱም ወታደር ናቸው።»

«እግዚአብሔር ይጠብቅልህ። ሩኣሁ ዞሯል።»

ሩኣሁ ያሉት ነፋሱን ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ጭሱ አፋችን ውስጥ ገብቶ ነበር።

አዛዡ፣ እኔና ሁለቱ ባልደረቦቻችን፣ አራታችንም ወደ በሩ ሮጥን። በሩ በሰንሰለት ታስሮ ጡጫ የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ሰዎቹ እኔን አዩኝ፤ እኔ ወረቀቱን አየሁ። ያን ጊዜ ከጉብታው ላይ፣ ያለ ራዲዮም ያለ ሰላምታም፣ አባቴ ጮኹ።

«ወደ ጥቁሩ! የተቃጠለው ላይ ግቡ! እሳት የበላውን አይደግምም!»

እኔ ለመተርጎም አፌን ስከፍት አዛዡ ክንዴን ይዞ እየጎተተኝ ነበር። ነበልባሉ ዝቅ ባለበት በኩል ዘለን አመዱ ላይ ቆምን። እሳቱ በአጠገባችን አልፎ በሩ ሥር ያስቀመጥነውን ምሳ ከነሳጥኑ በላና አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ሞተ።

ከዚያ ታህኪር ተቀመጥን፤ ሁሉም ጥፋቱን የሚናገርበት ስብሰባ ነው። አዛዡ «በሩን ሳላይ ፈርሜያለሁ» አለ። እኔ «ሳልረግጠው ጽፌዋለሁ» አልኩ። የአባቴ ተራ ሲደርስ አዛዡ ወደ እኔ ዞረ።

«ሰላምታቸው ረዝሟል በያቸው።»

እንዲህ ያለ ነገር ለአባት እንዴት ይተረጎማል? እንደምንም ተናገርኩት።

«ሰውን ደኅንነቱን ሳልጠይቅ ወሬ ልንገር?» አሉ አባቴ። «መርዶ ነጋሪ እንኳ እንደምን አደራችሁ ይላል!»

ይህንንም ተረጎምኩ። አዛዡ ወረቀቱ ላይ አምስተኛ መስመር ጨመረ፦ «መጀመሪያ ነፋሱ፣ ከዚያ ቤተሰቡ።»

«ቤሴዴር» አሉ አባቴ፤ ተስማሙ።

ስንመለስ ለእናቴ ላንነግር መኪና ውስጥ ተማማልን። አባቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ሁሉንም ነገሯት። እናቴ የተለበለበ ቅንድቤን በጣቷ ዳሰሰችው።

«አንቺ ከእንግዲህ ያለ አባትሽ አትሄጂም» አለችኝ። ወደ እሳቸውም ዞረች። «አንቱም ያለ እሷ አይሄዱም።»

ማን ማንን እንደሚጠብቅ አልገባንም፤ ሁለታችንም ግን እሺ አልን።